ጎንደር የሚሰነብት ካራቫን ከመኪናው መፈታት አለበት

ጥር ሲገባ ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። ለከተራ፣ ለጥምቀትና ለቃና ዘገሊላ የሚመጣው እንግዳ ጥር 10 ከመድረሱ በፊት ሆቴሎቹን ይሞላል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ይገባል፤ የሌለው ድንኳን ይተክላል። ጥቂቶች ደግሞ ማደሪያቸውን በላንድክሩዘር ጎትተው ይመጣሉ። ከበዓሉ ውጭም ቢሆን የአስጎብኚ ድርጅት፣ የቀረጻ ቡድን፣ የጤና ዘመቻ ወይም የመንገድ ጥናት ባለሙያ ካራቫን አስከትሎ ከተማዋ ውስጥ ሲሰነብት ይታያል። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ ግን አንድ ልማድ ያመሳስላቸዋል። ቆይታቸው አምስት ቀንም ይሁን ሁለት ሳምንት፣ ካራቫኑን ከመኪናው አይፈቱትም።

ለምን ተብለው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ተቀራራቢ ነው፦ «ምን ይታወቃል? መንገድ ሲከፈት ወይም ነገር ሲበላሽ ሞተር አስነስቶ መውጣት ነው።» መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ይህ ስጋት ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ላቃልለውም አልፈልግም። የምሞግተው ከስጋቱ የሚወጣውን መደምደሚያ ነው። ከአንድ ሌሊት አልፎ በአንድ ቦታ ለሚሰነብት ሰው፣ መኪናውና ካራቫኑ እንደተያያዙ መቆማቸው ለችግር ጊዜ ያለውን ዝግጁነት ያሳንሰዋል። በላዩም ባትሪውን፣ ፍሬኑን፣ አልፎ አልፎም ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ልማዱ የመጣው በእኔ ግምት ከከባድ መኪና ሥራ ነው። ከመተማ በኩል ሰሊጥና ጥጥ ጭኖ የሚመጣ ሹፌር አዘዞ ላይ ለጥገና፣ ለተራ ወይም የመንገዱን ወሬ ለመስማት ሲቆም ተሳቢውን አይፈታም። አለመፍታቱም ልክ ነው። ጭነቱን የሚጠብቁት እሱና ረዳቱ ጋቢና ውስጥ እያደሩ ነው፤ የተጫነ ተሳቢ መልሶ ከጎታቹ ጋር ለመቆለፍም ሜዳና ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። የአየር ፍሬኑም ነገር አለ። የተሳቢው ፍሬን የሚሠራው ከጎታቹ በሚመጣ አየር ነው። ስፕሪንግ ፍሬን፣ ማለትም አየር ሲያልቅ በሞላ ጉልበት የሚይዝ ፍሬን፣ የሌለው አሮጌ ተሳቢ ከጎታቹ ሲላቀቅ በራሱ ታንክ በቀረው አየር ጎማውን ይይዛል፤ አየሩ በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲያመልጥ ግን ፍሬኑ ይለቃል። ጎማው ሥር ታኮ፣ ማለትም ማገጃ፣ ካልገባለት ቁልቁል መንሸራተቱ አይቀርም። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ተሳቢ ለመፍታት ቢያመነታ ሙያው ያስተማረውን ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛው ምንጭ የባሕር ማዶ ተጓዦች ይመስሉኛል። ከካይሮ ተነሥተው በሱዳን አቋርጠው፣ በመተማ ገብተው እስከ ኬፕታውን የሚወርዱት ተጓዦች ጎንደርን ለዓመታት እንደ ማረፊያ ይጠቀሙባት ነበር። አንድ ሁለት ሌሊት አድረው ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ጎርጎራ ይቀጥላሉ። ለአንድ ሌሊት ደግሞ ካራቫን አለመፍታት ያስኬዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ግን ያ ጉዞ ተቋርጧል። አሁን ካራቫን ይዞ ጎንደር የሚመጣው ባብዛኛው የአገር ሰው ነው፤ እሱም አዳሪ ሳይሆን ሰንባች ነው። ለአንድ ሌሊት የተበጀው ዘዴ ለሁለት ሳምንት ቆይታ እየዋለ ነው።

ካራቫን የሰው መኖሪያ ነው። የራሱ የእጅ ፍሬን፣ ከፍና ዝቅ የሚል የራሱ የፊት እግርና የማዕዘን እግሮች የተሠሩለት ያለ ጎታች ቆሞ እንዲያድር ታስቦ ነው። ሥራውን የለመዱ ሁለት ሰዎች በሩብ ሰዓት ውስጥ ይፈቱታል፤ በዚያው ልክ ይቆልፉታል።

ጎንደር ላይ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ነጻ መኪና ነው። ውኃ በፈረቃ ነው፤ በርሜል ጭኖ መቅዳት ግድ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። ነዳጅ ሲጠፋ ሌሊቱን ተሰልፎ ማደር አለ፤ ማደያ ሰልፍ ውስጥ ካራቫን አስከትሎ መግባት ደግሞ ለራስም ለሌላውም ጭንቅ ነው። ከተማዋ የተሠራችው ተዳፋት ላይ በመሆኑ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብዙው ዳገት ነው። በኮሪደር ልማቱ ዳርና ዳሩ በተስተካከለው መንገድ ላይ ተሳቢ ማቆም አይታሰብም። በጥምቀት ሰሞን ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱና ሲመለሱ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፤ ያኔ ካራቫን አስከትሎ መሐል ከተማ የተገኘ ሰው ወደፊትም ወደኋላም የለውም።

ሕመም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ሌሊት አንድ ሰው ቢታመም የሚወሰደው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ካራቫኑ አስቀድሞ ተፈትቶ ከሆነ መኪናውን አስነሥቶ መሄድ ነው። ካልተፈታ ግን ሁለት ምርጫ አለ፦ በጨለማ፣ በድንጋጤ፣ በሽተኛው እያቃሰተ መፍታት፤ አለበለዚያ ከኋላ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ቤት እየጎተቱ በጠባብ መንገድ መብረር። እንዲህ ባለ ጥድፊያ ሲፈታ ታኮ ይረሳል። ታኮ ሲረሳ ደግሞ ካራቫኑ ተንሸራትቶ የሚመጣው ከፊት ለፊቱ ቆሞ በሚፈታው ሰው ላይ ነው። ለክፉ ቀን ተብሎ ሳይፈታ የቆመው ካራቫን ክፉው ቀን ሲመጣ ሌላ አደጋ ይጨምራል።

የባትሪው ጉዳይ ከጎንደር ከፍታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላብራራው። ብዙ ካራቫኖች ውስጥ ያለው ፍሪጅ በጋዝ፣ በ220 ቮልትና በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ አሞኒያ ፍሪጅ ነው። እንዲህ ያለው ፍሪጅ በጋዝ ሲሠራ ከ1,700 ሜትር ገደማ በላይ ይዳከማል፤ አምራቾችም በመመሪያቸው ከዚያ በላይ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲቀየር ይመክራሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ እንግዳው ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ሲለው ወደ ኤሌክትሪክ ያዞረዋል። የከተማው መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቀረው 12 ቮልቱ ነው። የካራቫኑ ሶኬት ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ስለሆነ ፍሪጁ የሚጠጣው ከመኪናው ባትሪ ይሆናል። 120 ዋት የሚፈልግ ፍሪጅ በሰዓት 10 አምፔር ይወስዳል። 70 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በእንዲህ ያለ ሁኔታ በ7 ሰዓት ውስጥ ባዶውን ይቀራል፤ ሞተር ማስነሣት የሚያቅተው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ባትሪ ሌሊት ሲበርደው አቅሙ ስለሚቀንስ የታኅሣሥና የጥር ብርድ ጊዜውን ያሳጥረዋል።

በደንብ የተሠራ መስመር ሞተር ሲጠፋ የካራቫኑን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ሪሌይ አለው። መኪናው ላይ የኋላ ሶኬት ያስገባው ኤሌክትሪሺያን ሪሌዩን ካልጨመረ ግን የሚቋረጥ ነገር የለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን አውጥቶ፣ የካራቫኑን የራሱን ባትሪ ነቅሎ፣ ፍሪጁ በ12 ቮልት መሥራቱን ማየት ነው። ከሠራ የሚጠጣው የመኪናውን ባትሪ ነው። ካራቫኑን ሳይፈታ የቆመ ሰው ቢያንስ ይህን ሶኬት መንቀል አለበት። «ሞተር አስነሥቶ መውጣት» የሚለው ተስፋ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ባትሪ ላይ ነውና።

ባትሪው ሲደክም የሚመጣው መፍትሔ ከችግሩ የባሰ ነው። መኪናውን ባለበት አስነሥቶ ለአንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ማሠራት። የመኪናው ጭስ ማውጫ ያለው ከኋላ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ካራቫኑ አለ። ጭሱ በካራቫኑ ወለል ሥር ገብቶ በጋዝ ቱቦ ቀዳዳ፣ በወለል ማናፈሻና በመስኮት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በዝግ ክፍል ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩበትን ታሪክ ያልሰማ አገሬ ላይ የለም፤ የሚገድላቸው ያው ጋዝ ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ቢያወጣም ተኝተው ላሉ ሕፃናት መተማመኛ አይሆንም። ካራቫን ውስጥ ሰው እያለ ከፊቱ የተቆለፈውን መኪና ባትሪ ለመሙላት ማስነሣት በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም። ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ አንድ የፀሐይ ፓኔል ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ጎንደር ደግሞ ከክረምት ውጭ የፀሐይ ችግር የለባትም።

ካራቫን ውስጥ መኖር ማለት ወለሉ ደልዳላ መሆን አለበት ማለትም ነው። ቤቱ ካዘመመ በሩ ራሱን ይከፍታል፣ የመታጠቢያው ውኃ አይፈስስም፣ የተኛ ሰው ወደ ራስጌው ይንሸራተታል። ባለ አሞኒያው ፍሪጅ ከጥቂት ዲግሪ በላይ አዘንብሎ ለቀናት ከሠራ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መዞር ያቆምና ማቀዝቀዣው ይበላሻል፤ ጥገናም የለውም። የግራና የቀኙን ማዘንበል በጎማ ሥር ጣውላ አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል። የፊትና የኋላውን የሚያስተካክለው ግን የፊት እግሩ ነው፤ የፊት እግሩ ደግሞ በነጻነት የሚሠራው ካራቫኑ ሲፈታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ አለ። ካራቫኑን ሳይፈታ የፊት እግሩን ወደ ላይ የሚያጠብቅ ሰው የሚያነሣው ካራቫኑን ብቻ አይደለም፤ የመኪናውንም ኋላ አብሮ ያነሣል። አብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ነው። የኋላው ክብደት ሲቃለል ጎማዎቹ መሬቱን ለቀቅ ያደርጋሉ፤ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው ነገር እያጣ ይሄዳል። እንደ አሮጌው ላንድሮቨር ዲፌንደር የእጅ ፍሬናቸው በጎማ ሳይሆን በማስተላለፊያ ዘንጉ ላይ የሚሠራ መኪናዎችማ አንዲት ጎማ ከመሬት ከተነሣች ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፍረንሻል ይለቃቸዋል። ጎንደር ደግሞ ሜዳ የሚባል ቦታ በብዛት የላትም። የማዕዘን እግሮቹም ቢሆኑ ክሪክ አይደሉም። የተሠሩት ቤቱ እንዳይወዛወዝ ለመደገፍ ነው፤ ክብደት ሲነሣባቸው ይጣመማሉ።

ሹፌሮች ሳይፈታ ስለቆመ ካራቫን ሲያወሩ ቀድመው የሚያነሡት ባሌስትራውን፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከመውን የብረት ንጣፍ ሞላ፣ ነው፤ «ሳምንት ሙሉ ተጭኖ ከቆመ ይተኛል» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። በአቅሙ ልክ የተጫነ ደህና የብረት ባሌስትራ ለሳምንታት ስለቆመ አይበላሽም፤ ቀድሞ የደከመ ከሆነ ነው ይበልጥ የሚወርደው። በአየር የሚሠራ ሞላ ያላቸው መኪናዎች ግን አየሩ ቀስ በቀስ ሲያመልጥ ኋላቸው ዝቅ ስለሚል የካራቫኑም አፍንጫ አብሮ ይወርዳል። ክብደቱን በብረት ዘንጎች ወደ ፊት ጎማዎች የሚያከፋፍል መጎተቻ የተገጠመላቸውም ዘንጎቹ እንደተወጠሩ ለሳምንት ባይቀመጡ ይሻላል፤ ለማላላት ሲሞከር ዘንጉ አፈንግጦ ሰው ይመታል። ከባሌስትራው ይልቅ እኔ የምሰጋው ለጎማው ነው። አንድ ቦታ የቆመ ጎማ የተጫነበት በኩል ይደፈጠጣል። የጎንደር ፀሐይም ጎማውን ያደርቀዋል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና። ጎማውን በጆንያ ወይም በሸራ መሸፈን የማይናቅ ጥንቃቄ ነው።

መሬቱም የራሱ ጠባይ አለው። ከአዘዞ ወደ ደንቢያ ሲወረድ መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ይለሰልሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያ ላይ የቆመ ካራቫን ሰፊ ጣውላ ካልተነጠፈለት የፊት እግሩ ይሰምጣል። ካልተፈታ ደግሞ ካራቫኑ በአንድ በኩል ሲሰምጥ መጎተቻውን እያጣመመ መኪናውን ይዞ ይወርዳል። ከመኪናው ኋላ ባለው የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚቆለፈው የካራቫኑ ማቀፊያ እንዲህ ተወጥሮ ሲቆይ መፍታት በመዶሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ድንገት ሲለቅ እጁን የሚያጣ ሰው ይኖራል።

ወደ ጸጥታው ልመለስ። ካራቫኔን ፈትቼ መኪናውን ይዤ ስሄድ ቢሰርቁኝስ የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳይፈታ የቆመ ጥንድ ግን ከስርቆት አይድንም፤ መኪናውን ያስነሣ ሌባ ቤቱንም ይዞ ይሄዳል። የተፈታ ካራቫን የማቀፊያውን ቀዳዳ የሚዘጋ ቁልፍ ሊደረግለት፣ ጎማው በሰንሰለት ሊታሰር፣ ጥበቃም ሊቀመጥለት ይችላል። ድንገት መውጣት ቢያስፈልግስ? እዚህ ላይ ሐቁን ፊት ለፊት መናገር ያስፈልጋል። ተኩስ ወይም እሳት የሚያስሸሽ ነገር ከመጣ፣ ካራቫን እየጎተተ የሚሸሽ ሰው አዝጋሚ ነው፤ በጠባብ መንገድ መዞር አይችልም፤ ኬላ ላይ ወደኋላ መመለስ ቢባል ያቅተዋል። በዚያች ሰዓት ትክክለኛው ነገር ሰዎቹን በመኪናው ጭኖ ቤቱን ትቶ መሄድ ነው። ያንን ማድረግ የሚችለው አስቀድሞ የፈታ ሰው ነው። ንብረት ይተካል።

መንገዱ በሰላም ተከፍቶ ለመውጣት ከሆነ ግን ሩብ ሰዓት የምታስቀረው ጉዞ የለም። ለዚህ የሚበጀው ካራቫኑን መጀመሪያውኑ አፍንጫው ወደ መውጫው በር እንዲዞር አድርጎ ማቆም፣ መኪናውን ከፊቱ በሁለት ሦስት ሜትር ርቀት በዚያው አቅጣጫ ማቆም፣ ፊት ለፊቱንም ማንም እንዳይዘጋው ከግቢው ጠባቂ ጋር መነጋገር ነው። ሹፌሩና ረዳቱ በቀን ብርሃን ሁለት ሦስቴ መፍታትና መቆለፍ ቢለማመዱ ደግሞ በጨለማም እጃቸው አይስትም።

ከሩቅ የመጣ መኪና እንደደረሰ የእጅ ፍሬን ስቦ መሄድ የለበትም። ከአዲስ አበባ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ የከተማውን ዳገት ቁልቁለት ጨርሶ የቆመ መኪና ፍሬኑ ግሏል። የኋላ ፍሬኑ ዲስክ የሆነ መኪና፣ ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅ አጥብቆ የተሳበው የእጅ ፍሬን ከደቂቃዎች በኋላ ሊላላ ይችላል፤ መኪናው ሹፌሩ ወርዶ ቡና ሲጠጣ ይንሸራተታል። ከበሮ ፍሬን ያለው ካራቫን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከበሮው ሲቀዘቅዝ የፍሬን ሸራውን ጨምድዶ ይይዘውና በማግስቱ አልላቀቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን ጣውላ ላይ አውጥቶ ግራና ቀኙን ማስተካከል፣ ከዚያ ታኮ ነው፤ በካራቫኑ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም፣ በግራም በቀኝም። ቀጥሎ የፊት እግሩን ሰፊ እንጨት ላይ ማውረድ፣ የመብራቱን ሶኬት መንቀል፣ ከዚያ ማቀፊያውን ከኳሱ ማንሣት። ካራቫኑን ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የደህንነት ሰንሰለት የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው፤ ማቀፊያው ከኳሱ ተነሥቶ ካራቫኑ ንቅንቅ አለማለቱ ከታየ በኋላ። ካራቫኑ ከመኪናው ቢያመልጥ ፍሬኑን የሚስበውን የአደጋ ሽቦ ሳይፈቱ መኪናውን ወደፊት መንዳት ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ፍሬኑ ኤሌክትሪክ የሆነ ካራቫን ላይ ሽቦው ተስቦ ከቀረ ፍሬኑ እንደያዘ የካራቫኑን ባትሪ ጨርሶ ያደርቀዋል፤ የፍሬኑን ማግኔቶችም ያግላል።

መልሶ ሲቆለፍ የኳሱን መጠን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ካራቫኖች የተሠሩት ለ50 ሚሊ ሜትር ኳስ ነው። የአሜሪካ ሥሪት ደግሞ 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ ወይም የበለጠ ይሆናል። በተለያየ በር ወደ አገር የገቡ መኪናዎችና ካራቫኖች ሲገጣጠሙ ማቀፊያው የተዘጋ መስሎ ልል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከቆለፉ በኋላ የፊት እግሩን ጥቂት ከፍ አድርጎ መኪናው አብሮ መነሣቱን ማየት መቆለፉን ያረጋግጣል። ይህ ለአፍታ የሚደረግ ፍተሻ ነው፤ ታኮ ሳይነሣ፣ ካራቫኑ ውስጥ ሰው ሳይኖር።

ሳይፈታ ማደር የሚገባበትም ጊዜ አለ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነና ቦታው ደልዳላ ከሆነ፤ መንገድ ዳር በቆሙ መኪናዎች መሐል ተሰልፈው ነግቶ ጉዞ ለመቀጠል ከሆነ፤ ከሥሩ ታኮ የማይዝ ሸርተቴ ቁልቁለት ከሆነ መፍታት አይገባም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ማደር ራሱ አይገባም። ሳይፈቱ ሲያድሩም ሶኬቱን ነቅሎ፣ ታኮ አስገብቶ፣ የማዕዘን እግሮቹን በመጠኑ አውርዶ መተኛት ነው። ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ግን ሰበብ አይታየኝም።

ሰዎች እንዳይፈቱ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ደግሞ የቦታ እጦት ነው፤ ይህ የእንግዳው ጥፋት አይደለም። ጎንደር ውስጥ ካራቫን የሚያርፍበት ተብሎ የተዘጋጀ ደልዳላ ቦታ ብርቅ ነው። የሆቴል ግቢዎቹ ለአውቶቡስና ለቤት መኪና የተሠሩ ናቸው። ካራቫን ሲመጣ ጥግ ላይ በግዴለሽ ይቆምና ሌላ መኪና ሲገባ «ትንሽ ፈቀቅ በልልን» ይባላል። በቀን ሁለት ሦስቴ ፈቀቅ በል የሚባል ሰው ደግሞ አይፈታም። አዘዞና አካባቢው ላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው የሆቴልና የነዳጅ ማደያ ባለቤቶች ይህን ቢያስቡበት ወጪው ትንሽ ነው። ጠጠር የተደለደለበት፣ ውኃ የማይቋጥር፣ ስድስት በዐሥር ሜትር የሚሆን ቦታ፣ የውኃ ቧንቧ፣ ምድር ሽቦ ያለው የ220 ቮልት ሶኬት፣ የማይዘጋ መውጫና ጥበቃ። ሶኬቱ በተለይ ፍሪጁን ከመኪናው ባትሪ ያላቅቀዋል። ከተማ አስተዳደሩም ለጥምቀት የእንግዳ ማረፊያ ሲያሰናዳ ከድንኳን መትከያው ጎን ለተጎታች ማደሪያዎች የሚሆን ከሰልፉ መንገድ የራቀ ሜዳ ቢከልል፣ የበዓሉ ዕለት መንገድ መሐል የሚገኝ ካራቫን አይኖርም።

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚቀጥሉ ሰዎች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የተራራ ካምፖች የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ኮረኮንች ነው። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሲሦ ያህሉን ያጣል። ካራቫን እዚያ ድረስ መጎተት ለመኪናውም፣ ለመንገዱም፣ በዚያ መንገድ ለሚሄዱ እረኞችና በቅሎዎችም አይበጅም። ካራቫኑ ደባርቅ ላይ ጥበቃ ባለበት ግቢ ተፈትቶ ይቅር፣ ተራራው ላይ በድንኳን ይታደር። ለብዙ ቀን የሚተወው ካራቫን፣ በተለይ በክረምት፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ከሚቀር ሁሉም ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው ፍሬኑ ቢለቀቅ ይሻላል፤ በእርጥበት የቆየ ሸራ ከበሮው ላይ ይዝግና ይጣበቃል። የጋዝ ሲሊንደሩ ይዘጋ፣ የውኃ ታንኩ ይፍሰስ፣ ባትሪው ይነቀል፤ የማቀፊያው ቁልፍ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ይውጣ፣ ሌላው ቅጂ ግቢው ውስጥ ለሚቀር ለሚታመን ሰው ይሰጥ።